የሜዳ ፍየሏን ያረዳት ሰው

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 30። ከሰዓት 9፡00

ሽንኩርት። አንድ ሙሉ ሳፋ ከተፍኩ። ጣቶቼ ይሸታሉ። አንቺም ልትሸቺ ነው ደብተሬ፣ ቻይው።

ለነገ መንገድ ነው። እማ ዶሮውን እየበለተች ነው። እርጥብ ላባ እግሯ ላይ ተጣብቋል። አይቼ ዞር አልኩ። ወጡ ሲቀርብ ግን እንደምበላ አውቃለሁ። ይኼም ያስጠላኛል።

የምንሄደው አራዊት ልናይ ነው። አዋሽ ድረስ፣ ፓርኩ። ሐሳቡ የአጎቴ የሰይድ ነው (ከዚህ በኋላ አ.ሰ. እለዋለሁ)። የእማ ታናሽ ወንድም። ሳውዲ በረሃ ላይ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፍየልና ግመል ሲጠብቅ ኖሮ ለሠርጉ መጣ፤ አሁን ደግሞ እንስሳ ካላየሁ ይላል። አይሰለቸውም? ለነገሩ የፈለገችው ሙሽራው ሉባባ ናት። የውጫሌ ልጅ። ኒካሁ ታስሯል፣ ድግሱ ለጥር መጨረሻ ነው። ስልኳ ላይ አንዲት ሙሽራ ሰጎን አጠገብ ቆማ አየች፣ እኔም ካልቆምኩ አለች።

መኪናው የጋሽ ጌታቸው ሚኒባስ ነው፣ ሐይቅ–ደሴ የሚሠሩበት። በኮንትራት። ጋሽ ጌታቸው አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ሚስታቸው እትዬ የሺ ዛሬ በአጥሩ በኩል ዳቦ አቀበሉኝ። ለባለቤታቸው ስንቅ ነው፤ የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። በእኛ ሰፈር ይኼ ጠብ አይደለም፣ ሁለት ድስት ብቻ ነው።

እኔ መሄድ አልፈልግም። ማንም አልጠየቀኝም። ዝም ስል እሺ ያልኩ ይመስላቸዋል። ት/ቤትም እንዲሁ ነው የቀረሁት። በኮሮና ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲባል የእማ ወገብ ታሞ ነበር፤ ትመለሳለች ወይ ያለ የለም፣ እኔም አላልኩም። ሰባተኛ ላይ ቆምኩ።

እማ እየጠራችኝ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥር 1። ምሽት 1፡00፣ አዋሽ

አስታወክሁ። ሦስት ጊዜ። አንዱ ኮምቦልቻ ሳንደርስ፣ ሁለተኛው ከባቲ ቁልቁል ስንወርድ። ሦስተኛው ሚሌ ላይ፣ ውሃ ብቻ። እማ ሎሚ አሸተተችኝ። ሉባባ ሽቶ ነፋችብኝ። ሎሚ፣ ሽቶ፣ ናፍጣ፣ ዶሮ ወጥ፣ ጫት። ሁሉም በአንድ ሚኒባስ ውስጥ።

አ.ሰ. የጫቱን ምራቅ በመስኮት ይተፋል። ነፋሱ ይመልሰዋል። ከኋላው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ነጠብጣብ ጉንጬ ላይ። ነገርኩት? አልነገርኩትም። በሂጃቤ ጫፍ ጠረግሁት።

ጋሽ ጌታቸውን ሲነዘንዛቸው ዋለ። ጋሼ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ የአምባሰል በቅሎ? አላቸው። «በቅሎም ብትሆን አንተን ነው የተሸከመችው፣ ምስኪን» አሉት። እማ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ወደ ውስጥ።

ከሚሌ በኋላ ወታደር የጫኑ መኪኖች ተከታትለው መጡ። እነሱ ወደ ጦርነት፣ እኛ ወደ ሽርሽር። ጋሽ ጌታቸው በእያንዳንዱ መኪና አጠገብ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ፊታቸውን አንድ በአንድ ያያሉ። ልጃቸው ሠራዊት ውስጥ ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ ስልኩ አይሠራም። አ.ሰ. ንዳው እንጂ ጋሼ፣ ይመሻል አላቸው። ሁሉም እስኪያልፉ ቀስ ብለው ነዱ።

ያረፍንበት ክፍል ሦስት አልጋ አለው። አንሶላው ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ፀጉር አለ። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው። ከነልብሴ ልተኛ ነው።


እሁድ፣ ጥር 2። ረፋድ 4፡30፣ ፓርኩ ውስጥ

እነሱ ፎቶ እያነሱ ነው፣ እኔ መኪናው ጥላ ሥር ነኝ።

በሩ ላይ ጠባቂ አብሯችሁ ይግባ ወይ ብለው ጠይቀውን ነበር። አ.ሰ. እኔ በረሃ ያደግሁ ነኝ አለ። አላደገም። ያደገው ሐይቅ ነው።

እስካሁን ያየሁት፦

ዝንጀሮዎች፣ ፏፏቴው ጋ። ቂጣቸው ቀይ፣ የተላጠ ቁስል የሚመስል። ሉባባ ብስኩት አሳየቻቸው፣ ትልቁ ከነላስቲኩ ነጥቆ ጎረሰው። ላስቲኩ ከአፉ ጎን ተንጠልጥሎ ያኝካል። ሉባባ ጮኸች፣ አ.ሰ. ቀረጻት።

አዞ። አንድ። ቡናማ አረፋ ውስጥ እንደ ተጣለ ግንድ። ጥርሱ መሐል የሆነ ነገር ነበር። ሁለተኛ አላየሁም።

ከርከሮ። ተንበርክኮ ይበላል፣ ልጆቹም ተንበርክከው። እማ አዑዙ ቢላህ ብላ ዓይኗን ሸፈነች፣ በጣቶቿ መሐል ግን አየች። አየኋት።

ጥንብ አንሣ፣ የሞተ ከብት ላይ። ራሱን ሆዱ ውስጥ ይከትና ቀይ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ነገር ብቻ አልቀፈፈኝም። ሳላ። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ነው፣ እነሱ አመድማ። ቀንዳቸው ቀጥ ያለ። ፊታቸው በጥቁር የተኳለ። ቆመው አዩን። አልሸሹም፣ አልቀረቡም። ሲበቃቸው ዞረው ሄዱ። እኔም እንደዚያ መሆን ብችል አልኩ።

ጋሽ ጌታቸውም መኪናውን አጥፍተው ሲያዩአቸው ነበር። አሁን ስልካቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ኔትዎርክ እየፈለጉ ነው።


እሁድ፣ ጥር 2። ከሰዓት 11፡00፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ላይ

በሥርዓቱ ልጻፈው፣ አለዚያ እነሱ እንዳሉት ይሆንብኛል።

ቀን 6 ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ወንዙ እየሄድን ነው። ጋሽ ጌታቸው በዝግታ ይነዳሉ። ከቁጥቋጦው የሜዳ ፍየሎች ዘለሉ፣ አምስት ስድስት። ሌሎቹ አለፉ፣ የመጨረሻዋ አላለፈችም። ጓ አለ፣ አንዴ ብቻ።

ወረድን። የኋላ እግሮቿ አይሠሩም። በፊት እግሮቿ መሬቱን ትቧጥጣለች። ዓይኗ ትልቅ ነው፣ እኛን ሁላችንንም ያያል። ጋሽ ጌታቸው ራሳቸውን ያዙ። ወይኔ፣ ወይኔ። ከዚያ በሩ ጋ ሄደን እንናገራለን አሉ፤ እኔ ነኝ የነዳሁት፣ እኔ ገጨኋት እላለሁ፣ አደጋ ነው።

አ.ሰ. ግን ሰንጢውን አውጥቷል። ማንንም አልጠየቀም። አሰበበት ብዬም አላምንም። በእኛ ቤት እንስሳ ሊሞት ሲያጣጥር ቢላ ያለው ሰው ይሮጣል፤ በክት ሆኖ እንዳይቀር። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያየሁት ነው። ፀሐይዋን አየ፣ ቂብላውን ገመተ፣ አንገቷን አዞረ። ቢስሚላሂ አላሁ አክበር። እጁ ፈጣን ነው። በረሃ ያስተማረው ይኼን ነው። ደሙ አሸዋው ላይ ወዲያው ጠቆረ።

እዚህ ላይ ቢቆም። ግን ሐላል ሆናለች አለ፤ ለጅብ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፣ ብክነት ነው። ጋሽ ጌታቸው፦ «ሰይድ፣ ይኼ የሐይቅ ግጦሽ አይደለም፣ የመንግሥት ነው፣ ተዋት» አሉት። እሱም «ሞታለች እኮ ጋሼ! መንግሥት ሬሳ ምን ያደርግለታል?» አለ። ከመንገዱ ጎትተው አወጧት፣ ሁለቱም። ጋሽ ጌታቸው ሱሪያቸው ላይ ደም ነካቸው። ከዚያ ራቅ ብለው ቆሙ፣ ሲጋራ አጨሱ። አጭሰው አያውቁም ነበር ወይም አላየሁም።

አ.ሰ. ገፈፈ። ጥሩ ጥሩውን በላስቲክ ጠቅልሎ በእማ አገልግል ውስጥ ከተተው፣ ዶሮ ወጡ ወደነበረበት። ቆዳና አንጀቱ ቁጥቋጦ ሥር ቀረ። ወንዙ ዳር ጎብኚዎች ሻይ የሚያፈሉበት ምድጃ አለ። ጉበቷን ጠበሰ። ሉባባ በላች፣ እማ በላች። ለእኔ በእጁ አጎረሰኝ። አፌን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩ አላውቅም። ሙቅ ነበር፣ ለስላሳ። ዋጥኩት።

ጋሽ ጌታቸው ዛፍ ሥር ለብቻቸው ዳቦ በሉ።

በሩ ላይ 9 ሰዓት። ጠባቂው ሽማግሌ ነው፣ ቀጭን፣ የአፋር ሰው ይመስለኛል። ሁሉንም መኪና ያያል። ጎማው ላይ ፀጉር አየ። ጎንበስ አለ፣ አሸተተ። ከወንበሩ ሥር አገልግሉን አወጣ። ከፈተው።

ማነው ያረደው? አለ።

ከዚያ አ.ሰ. «ሹፌሩ» አለ። «ለበዓል ሥጋ እፈልጋለሁ ብሎ።» ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ሰዓት ተጠይቆ የሚመልስ ይመስል። ልብሱን ወንዙ ላይ ቀይሯል። ደም ያለው የጋሽ ጌታቸው ሱሪ ላይ ነው።

ጋሽ ጌታቸው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸዋል። «ተው እንጂ ሰይድ፣ ሰው ፊት አትቀልድ» አሉ። አ.ሰ. አልሳቀም። ከዚያ እማን አዩ። እማ ሻሿን ታስተካክላለች። ከዚያ እኔን አዩኝ።

አፌን ከፈትኩ፣ ወላሂ ልናገር ነበር። የወጣው ጉበቱ ነው። እግራቸው ሥር። ሉባባ መኪና አይስማማትም አለች።

ጠባቂው የተናገረው ከጆሮዬ አይወጣም፦ ገጭታችሁ ብትነግሩን ኖሮ ሪፖርት ነበር፣ ቢላ ሲያርፍባት ግን አደን ሆነ።

እዚህ ጣቢያ አምጥተውን አንድ በአንድ ቃል ሰጠን። ፖሊሱ እንዳጠፉ ልጆች አይደለም ያናገረን፣ በትሕትና ነው። ይኼ ይብሳል። አ.ሰ. ነገረው፣ ፖሊሱ ጻፈው። ለእማ አላነበበላትም፣ በጣቷ አተመች። እኔን ማንበብ ትችያለሽ? አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አነበብኩት። «ሹፌሩ በስለት አርዶ ሥጋውን ሲጭን አይቻለሁ» ይላል። ያየሽው ይኼ ነው? አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ፈረምኩ። ሰዓዳ ብዬ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል አለኝ።

አሁን ጋሽ ጌታቸው ውስጥ ናቸው፣ መኪናውም ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ እኛን ግን ሂዱ ብለውናል።


ማክሰኞ፣ ጥር 4። ከሰዓት 10፡00፣ ቤት

በአውቶቡስ መጣን። ጥርሴን አምስት ጊዜ ፋቅሁ። ጉበቱ አለ፣ አይሄድም። እማ ዛሬ ከሐይቁ ዓሣ ገዝታ ነበር፤ ሆዱን ስትቀድ ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ።

አ.ሰ. በመንገድ ላይ እማን አስረዳት። እኔ ከኋላ እንደተኛሁ ሆኜ ሰማሁ። የመመለሻ ቪዛው በየካቲት ያልቃል። ስሙ አንዴ ፖሊስ መዝገብ ከገባ በቃ፣ ሳውዲ ቀረ፣ ሠርጉም ቀረ። ጋሽ ጌታቸው የአገር ሰው ናቸው፣ ሁለት ቀን ይቆዩና በዋስ ይወጣሉ። እማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ካልወጡስ? ይወጣሉ አልኩሽ እኮ አለ። ከዚያ ቴምር በላ። ፍሬውን መዳፉ ላይ እየተፋ። አጎቴ ሲበላ ማየት አልችልም አሁን። አገጩ ሲንቀሳቀስ ዝንጀሮው ይታየኛል።

ግን ልጽፍልሽ የሚገባ ነገር አለ፣ እውነት ስለሆነ። ሲያርዳት ክፉ አልነበረም። ፊቱን አይቻለሁ። አዝኖላት ነው። አንገቷን ሲያዞር በግራ እጁ ዓይኗን ሸፍኖላታል። ክፉ የሆነው በሩ ላይ ነው፣ አንዲት ቃል ሲል። ይኼን ያህል ቅርብ ናቸው ማለት ነው።

ለእትዬ የሺ ምን አላቸው መሰለሽ? ከፓርኩ ሰዎች ጋር ትንሽ አለመግባባት ነው፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይመጣል። እትዬ የሺ አመሰገኑት። አልሐምዱሊላህ እናንተ እንኳን ደህና ገባችሁ አሉ። በእኛ ቃል።

እኔን ግንባሬን ሳሙኝ። ምነው ገረጣሽ አሉኝ። መኪና አይስማማኝም አልኩ።


ሐሙስ፣ ጥር 6። ቀን 7፡00

መጡ። እትዬ የሺ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ፣ እንዲህ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ጌታቸው በሰው ስልክ ደውለውላቸው ነበር። አልተለቀቁም። በሕገ ወጥ አደን ነው የተከሰሱት። ሰኞ፣ ጥር 10፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ አራት ምስክር ተፈርሞባቸዋል። አራቱ እኛ ነን።

አ.ሰ. ውጫሌ ሄዷል፣ ለድግሱ በሬ ሊያይ። ቤት ያለነው እማና እኔ። እትዬ የሺ አልጮሁም። ቆመው ጠየቁ።

አገልግልሽ የታለ? አሏት እማን።

እማ መንገድ ላይ ጠፋ አለች።

«አልጠፋም። ፖሊስ ጋ ነው። ሥጋው የተገኘው እዚያ ውስጥ ነው፣ ጌታቸው ነግሮኛል።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት ጎረቤት ነሽ። በድግስሽ ለእኔ ለብቻ ድስት ትጥጃለሽ፣ እኔም ላንቺ። ማንኪያ እንኳ አንቀላቅልም፣ ተከባብረን። አሁን ጌታቸው ያረደውን ሥጋ አንቺ አገልግልሽ ውስጥ ከተትሽው ልበል? አንቺ? በአላህ ይዤሻለሁ፣ ንገሪኝ።»

እዚያ አዋሽ ላይ አንድም ሰው ይኼን አላሰበም። ፖሊሱ የሌላ አገር ሰው ነው፣ ሥጋ ሥጋ ነው ለእሱ። እዚህ ግን ሕፃን ያውቀዋል። ከዚያች ፍየል አንዲት ቁራጭ ያልቀመሱት ጋሽ ጌታቸው ብቻ ናቸው፣ የታሰሩትም እሳቸው።

እማ አላየቻቸውም። ወለሉን እያየች፦ እኔ ማንበብ አልችልም የሺ፣ አትሚ አሉኝ አተምኩ አለች። እትዬ የሺ ወደ እኔ ዞሩ። አንቺስ ሰዓዳ? አንቺ ትችያለሽ አሉ።

ጥፍሬን አየሁ። ጥፍሬ ሥር የሽንኩርት ይሁን የምን ቆሻሻ አለ።

ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ሄዱ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር።

ልጃቸው ሰሜን፣ ባላቸው አዋሽ። ቤታቸው ውስጥ ዶሮና እሳቸው ብቻ ናቸው ያሉት። እና እኔ ጥፍሬን አየሁ። ደብተሬ፣ ከዝንጀሮው፣ ከአዞው፣ ከጥንብ አንሣው ይልቅ ያስጠላኝ የገዛ ራሴ ነው። ጥንብ አንሣ ቢያንስ አይፈርምም።


ዓርብ፣ ጥር 7። ከሰዓት 8፡30

አንድ ነገር አደረግሁ።

በአፌ እንደማልችል አውቃለሁ። ጻፍኩለት። ከአንቺ ላይ የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ቀድጄ፣ ይቅርታ። «አጎቴ፣ ያረድከው አንተ ነህ። ለአላህ ብለህ ነው ያረድካት። ለሰውም እንዲሁ በል። እስከ እሁድ አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ። ሰዓዳ።» ከውጫሌ ተመልሶ ጁምዓ ሊሄድ ሲል ጫማው ውስጥ ከተትኩት። ሲያጠልቅ ኮሰኮሰው። አወጣው። አነበበው። ሁለት ጊዜ ይመስለኛል። በኪሱ ከተተው፣ ሄደ።

ጁምዓ እንዴት እንደሰገደ አላውቅም። እኔ በዚያ ኪስ ሱጁድ አልወርድም ነበር።


ቅዳሜ፣ ጥር 8። ከሰዓት 11፡00

ጧት አ.ሰ. አባያ ሰጠኝ። ጥቁር፣ እጅጌው ላይ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ያለው። ለሉባባ ካመጣው ላይ ነው፣ ሽቶዋ አለበት። ለሠርጌ ልበሽው አለኝ። ስለ ወረቀቱ ምንም የለም። ፈገግ አለ። ጥርሱ መሐል የሆነ ነገር ነበር።

አልጋው ላይ ትቼው ወጣሁ። እሱ ለእማ፦ ይቺ ልጅ ሙቀቱ ነክቷታል፣ ፓርኩ ውስጥ የሆነ ነገር ለክፏታል፣ አትበላም፣ አትናገርም፣ ሸኹ ጋ ውሰጃት አላት።

እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

ሄድን። ሸኹ ከሐይቁ በላይ ነው ቤታቸው፣ እርጅና ያጎበጣቸው። እማ ስኳር ይዛ ነበር። ሁኔታዬን ነገረቻቸው፦ ሁሉም ይቀፍፋታል፣ ምግብ ትተፋለች፣ ጓሮ ትቆማለች። ሸኹ ውሃ በሳህን አቀረቡ። ቁርአን ሊቀሩበት አፋቸውን ሲከፍቱ አቆሙና ጠየቁኝ። አንቺ ልጅ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?

አላውቅም እንዴት እንደሆነ። ምናልባት ጆሯቸው ስለሚከብድ፣ ጮክ ብዬ መናገር ስላለብኝ። «ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ» አልኩ። እማ ክንዴን ያዘች። ቀጠልኩ። ሁሉንም። ፍየሏን፣ ሰንጢውን፣ አገልግሉን። ደጅ ያሉት ሰዎች ሳይሰሙ አልቀሩም። ምን ላድርግ፣ ሲከፈት እንደዚህ ነው የሚከፈተው።

ሸኹ ውሃውን ደፉት። ከዚያ ለእማ፦ እዚህ ጂን የለም የኔ እናት አሏት። በዚህ ላይ የምቀራው የለኝም፣ ስኳርሽንም ውሰጂው። «ልጅቷን አብሊያት፣ መንገድ አለባት።»

ስንመለስ እማ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። አንዴ ቆመች። ሳትዞር፦ በጀርባዬ ነው ያሳደግሁት አለች። አውቃለሁ አልኳት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር፣ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ምን ልበላት? ስኳሩን ተቀብያት ተሸከምኩ።

አሁን እትዬ የሺ ጋ ነበርኩ። ነገ ንጋት ላይ በመጀመሪያው መኪና እንሄዳለን። እውነቱን ሳይጠይቁኝ ነው የነገርኳቸው። አላለቀሱም። መፈረምሽ አንቺንም ያሳስርሻል፣ ገብቶሻል? አሉኝ። ገብቶኛል። ከዚያ ቁጭ አደረጉኝና ሽሮ አበሉኝ። ዋጥኩት፣ አልተመለሰም።


እሁድ፣ ጥር 9። ከንጋቱ 11፡30

ሱብሒ ተሰግዷል። አ.ሰ. ተኝቷል፣ አልሰገደም፣ ወይም ቀድሞኝ ሰግዶ ተኝቷል። አላውቅም። አፉ ተከፍቷል። ሕፃን ይመስላል፤ ዛሬ እንኳ አልቀፈፈኝም፣ አሳዘነኝ። እሁድ ነው፣ አልሄደም።

እማ መስገጃዋ ላይ ናት። ልሄድ ነው አልኳት። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰችም። «የኔስ ጣት?» አለችኝ። ስለ ሰይድ አይደለም፣ ስለ ጣቷ። ማንበብ እንደማትችል፣ ማንበብ የምችለው እኔ እያለሁ እንዳላነበብኩላት እናገራለሁ አልኳት። እውነትም እሱ ነው። መስገጃዋን አጣጠፈች። ከዚያ፦ አባያውን እዚሁ ተዪው፣ ሹራብሽን ልበሽ፣ ባቲ እስክትደርሺ ይበርዳል አለች።

ፈርቻለሁ። ለሸኹ ተናገርኩ፣ ለፖሊስ እናገራለሁ ማለት አይደለም። ያ ሰው በትሕትና ያየሽው የትኛው ነው? ሲለኝ፣ አፌ እንደገና ቢዘጋስ? ራሴን ብቻ ብነቀንቅስ? ራስ መነቅነቅ ለሁለቱም ይሆናል።

ስለዚህ ወስኛለሁ። አንቺን ይዤ እሄዳለሁ። አፌ እምቢ ካለ በሁለት እጄ እሰጥሻለሁ፣ ያን ቀን እዚያው ግቢያቸው አግዳሚ ላይ የጻፍኩት አለ፣ አንብቡት እላለሁ። ማንም እንዳያይሽ ነበር የምደብቅሽ፣ ፍራሽ ሥር፣ ጤፍ ከረጢት ውስጥ። አሁን ዳኛ ያነብሻል። እማን ያልኳትን፣ አጎቴን ያልኩትን፣ ራሴን ያልኩትን ሁሉ። ክስ የማይመለከተውን ገጽ ልቅደድ ብዬ ሌሊቱን ሳስብ ነጋ። ከቀደድኩ ግን የቀረውንስ ማን ያምነዋል?

አጥሩ በኩል እትዬ የሺ ስሜን እየጠሩ ነው። አንድም አልቀደድኩም።